የፈረንጁ የብረት ጫማ

በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት ነው። አርብ ገበያ በምትባል ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፣ የእርዳታ እህል ለሚያመላልስ አንድ ፈረንጅ ሹፌር አስተረጉም ነበር።

የገና ዕለት ጨዋታውን ሲያይ አላስቻለውም፤ ከአንዱ ቆልማማውን ዱላ ነጥቆ ሜዳ ገባ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና ማንም ምንም አላለው። ሩሯን፣ ያቺን የገና ኳስ፣ ከዱላው ጫፍ ጋር የሰፋት ይመስል፣ በሰው መሀል እንደ ጭስ ሾልኮ አገባ። ሁለት የፊት ጥርሶች እንደሌሉት ያኔ ሲስቅ አየን።

«ይኼን የት ተማረው?» አሉኝ መምሬ ጥሩነህ፣ የደብሩ አለቃ።

በአገሩ ብርዱ ሲጠና ሐይቁ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እሱም እዚያ ላይ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተተ፣ ገናን የመሰለ የዱላ ጨዋታ በደሞዝ የሚጫወት አጥቂ ነበር። ይህን ሁሉ ማስረዳት ታከተኝና፣ «የብረት ጫማ አድርጎ ውሃ ላይ ሲሮጥ ነው» አልኳቸው። መምሬ አማተቡ።

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞልቶ መኪናው ከነእህሉ፣ ከነፈረንጁ ማዶ ቀረ። አገሩ ሁሉ ሦስት ቀን ሙሉ ጉም ለብሶ ዳር ላይ ተቀምጦ፣ እህሉን እንደ ሕልም ከሩቅ ያያል። በአራተኛው ቀን መምሬ ተነሡ።

«ምን ይጠብቃል? ጫማውን አድርጎ ይሻገር በለው!»

እያፈርኩ ጮኼ ነገርኩት። ፈረንጁ ሳቀ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ አንድ ጥንድ ጫማ አንጠልጥሎ ወጣ፤ ስለቱ በጉሙ ውስጥ አበራ። ለካ ከአገሩ ይዞት መጥቷል!

መምሬ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ዞር በሉ! መንገድ ልቀቁለት!»

እኔም ዞር አልኩ።