ሁለታችንም የሰው ማሳ ውስጥ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ፣ ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደራችን ነው። ሰው ስለ መተማመን ሲያወራ ስሰማ ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬንም ቢሆን ያስቀኛል።

እኔና እናቴ ብቻችንን ነን። ጎረቤቶቻችን አያ ውበቱና ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ናቸው። በጤፍ አጨዳ ጊዜ ከእነሱ ጋር ወንፈል እንገባለን፤ አንድ ቀን የእነሱን፣ በማግስቱ የእኛን አብረን እናጭዳለን። የዚያን ቀን ተራው የእነሱ ነበር።

ጠዋት ስነሳ ሰማዩ ጠቁሯል። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ከመታው ይረግፋል። የዓመት ቀለባችን ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ደጅ ቆማ ሰማዩን አየችና፣

«ዛሬስ ወንፈል የለም፤ ሁሉም የራሱን ነው የሚያድነው። ሂጂ የእኛን እጨጂ» አለችኝ።

ማጭዴን ይዤ ወጣሁ። ወደ ማሳችን የሚወስደው መንገድ ግን በአያ ውበቱ ደጅ ያልፋል። ተራቸውን ትቼ ስሄድ ቢያዩኝ ምን እላለሁ? እኔ ሰው ሰላም ለማለት እንኳ የማፍር ነኝ። ተመልሼ በጓሮ ዞርኩና ወደ እነሱ ማሳ ወጣሁ። ደግነት አልነበረም፤ እፍረት ነው።

ማሳው ላይ ማንም የለም። ይመጣሉ ብዬ ጀመርኩ። አጭዳለሁ፣ ቀና ብዬ አያለሁ፣ የሚመጣ የለም። በመጨረሻ ተናደድኩ። እያጉረመረምኩ ወደ ማሳችን ሮጥኩ።

ስደርስ አያ ውበቱና እትዬ ጥሩ ጎንበስ ብለው ጤፋችንን ያጭዳሉ። አጋምሰውታል።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ላብ በላብ ሆነን አንቺ ተኝተሽ ነው?» አሉኝ እትዬ ጥሩ።

«የእናንተን ሳጭድ ነበር» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት።

አያ ውበቱ ቀና አሉ። «የእናንተ ረባዳ ላይ ነው፤ ውኃ ይተኛበታል ብለን መጣን እንጂ! የእኛስ ዳገት ነው፣ ትንሽ ይችላል።» ወደ ሚስታቸው ዞረው፣ «‹ዛሬ ልጅቱ የእኛን ትታ የራሷን ነው የምታጭደው› ያልሽው አንቺ አይደለሽ?» አሏቸው።

«አንቱስ ‹ትመጣለች› መቼ አሉ? ዝም አሉ እንጂ» አሉ እትዬ ጥሩ፤ ከዚያ ሳቅ አሸነፋቸው።

የእኛን ጨርሰን፣ ከምረን፣ ላስቲክ አልብሰን ወደ እነሱ ማሳ ስንሮጥ ዝናቡ ቀደመን። አንድ ጥግ ሳይታጨድ ረጠበ። እኔ አለቅስ ጀመር። እትዬ ጥሩ ግን በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረግ አድርገው፣ «አንቺ ብቻሽን ያጨድሽውን አታዪም?» አሉኝ።

ያን ቀን ወደ ማሳቸው የሄድኩት በደጃቸው ማለፍ አፍሬ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ዘንድሮ ግን አጨዳው ሲጀመር ማንም ሳይልከኝ ማጭዴን ይዤ ደጃቸው ቆምኩና ጮክ ብዬ ጠራኋቸው።