የአንገት ጥለት

ባለፈው ማክሰኞ ፌርፋክስ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለ ልብስ መሸጫ መስኮት ውስጥ አንድ ነጭ ቀሚስ ተሰቅሎ አየሁ። እጅጌ የለውም፤ ቁመቱ ከጉልበት በላይ ይቀራል። ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ከዋና ሲወጣ ጣል የሚያደርገው ዓይነት ነው። ጨርቁ የሸማኔ እጅ የነካው ጥጥ መሆኑን ከማዶ ሆኜም አወቅሁት። ጥለቱ የተሰፋው ግን እንደ ወጉ ታች ጫፉ ላይ አልነበረም። አንገቱን ዙሪያውን ከቦ በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ወርዷል።

አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ተሻግሬ ገባሁ።

«ይሄ ጥለት ለምንድን ነው አንገት ላይ የሆነው?» አልኳት ሻጯን። ሃያ ዓመት የሞላት አትመስልም።

«ፋሽን ነው እትዬ። ፊት ያበራል። ለሰመር ሁሉም እሱን ነው የሚጠይቁት። ለልጅሽ ነው?»

አንቺ ስላለችኝ አልተቀየምኩም፤ እዚህ ያደጉ ልጆች እንዲህ ናቸው። «እያየሁ ነው» ብያት ወጣሁ፤ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ ስንት አውቶቡስ እንዳለፈ አላውቅም።

ትዝታ ሲባል ሰው የራሱን ወጣትነት ነው የሚያወራው። የእኔ ወጣትነት በወረፋና በዝምታ ስላለፈ የሚወራ ብዙ የለውም። ወጣት ሆኜ የማውቀው አንድ ሰመር ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከልጄ ከብሌን ጋር የበጋ ልብስ ልንሰፋና በራሳችን ስም ልንሸጥ የተነሣንበት ሰመር ነው። ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት አልፏል።

ብሌን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ኮሪያታውን ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ሁለታችን እንኖር ነበር። አባቷ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ልቡ በድንገት ቆሞበት ሞተ። እኛ ዘንድ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ነጠላዋን ትገለብጣለች፤ ሌላ ጊዜ ታች የሚውለው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ በአንገቷና በፊቷ ዙሪያ ይሆናል። አዘቀዘቀች ይባላል። ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ ቶሎ ስላልተገኘ፣ እሱ ለፋሲካ የገዛልኝን፣ ጥለቱ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን አዘቅዝቄ ዓመቱን ሙሉ ለበስኩት። ዓመቱ ሲያልፍ አጥቤ፣ አጣጥፌ አስቀመጥኩት። ስለ እሱ ከብሌን ጋር ብዙ አልተነጋገርንም። እኔ ማውራት አይሆንልኝም፤ እሷም በእኔ ወጣች።

እኔ ፌርፋክስ አካባቢ ባለ ላውንድሪ ጓሮ ተቀምጬ ሱሪ አሳጥር፣ ዚፕ እቀይር ነበር። ብሌን ቫን ናይስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትጦራለች፤ ከረቡዕ እስከ ዓርብ እዚያው ታድራለች። አሮጊቷን አንድ ቀን ባሕር ዳር ወስዳ አናፍሳት መጣችና፣ «እማ፣ ሰዉ ሁሉ እኮ ፕላስቲክ ነው የለበሰው» አለችኝ። «በዚያ ሙቀት! የእኛ ጥጥ እያለ!»

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለች የአክስቴ ልጅ ስስ ፈትል በሰው እጅ ላከችልን። ጨርቁ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ስለሚሰበሰብ፣ ከመቆረጡ በፊት ሁለት ጊዜ አጥበን በረንዳው ላይ አሰጣነው። ወሩ ጃካራንዳው የሚያብብበት ስለነበር፣ ሐምራዊው አበባ እየበረረ እርጥቡ ጨርቅ ላይ ይለጠፋል። ብሌን እየለቀመች ትስቃለች።

ስም ያወጣነውም በረንዳው ላይ ነው።

«እማ፣ ሰመር በአማርኛ ምንድን ነው?»

«ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ... ክረምት ነዋ።»

«ክረምት ዝናብ አይደል እንዴ? ሶ፣ ቢች ላይ ዝናብ ልበሱ ልበላቸው?»

«በጋ በያቸው እንግዲያ።»

«በጋ...» ብላ ሁለት ሦስቴ ደጋገመችው። «ኦኬ። አጭር ነው። ፈረንጅም ይጠራዋል።»

የመጀመሪያውን ቀሚስ ስንሠራ ጥለቱን በአንገቱ ዙሪያ በመርፌ ቁልፍ አያይዛ አሳየችኝ። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ያዘቀዘቅሁት ነጠላ ትዝ አለኝ።

«ምን ይመስልሻል?»

«ይሰፋል።»

«ይሰፋል ወይ አላልኩሽም እማ። ያምራል ወይ?»

«ስፌቱ አያስቸግርም» አልኳት። ሳቀችና ጉንጬን ሳመችኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሰፋሁት።

ቀሚሱን ይዘን ባሕር ዳር ወዳለ አንድ ትንሽ ሱቅ ሄድን። ባለቤቷ ጠጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ናት። ጨርቁን ጉንጯ ላይ አድርጋ ዳሰሰችው፤ ፎቶ አንሥታው፣ ልክ እንደዚህ ያለ አርባ አምጡልኝ አለች። ብሌን ከሱቁ እስክንወጣ ጨዋ ሆና ቆይታ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ እስክስታ ወረደች። ከጃንጥላ ሥር ከሚሸጡት ማንጎና ሐብሐብ በሎሚና በሚጥሚጣ አስነስንሳ አንድ ትልቅ ኩባያ ገዛች፤ መኪና ውስጥ ሆነን በላነው። እኔ አርባ የሚለው ቁጥር አልወጣልህ ብሎኝ ነበር። አርባ የሙታን ነው። ይህንንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት በሕይወቴ ጥሩዎቹ ናቸው። ከሥራ እመለሳለሁ፤ ማሽኑን መስኮት ሥር እስባለሁ፤ እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ቤቱ አዲስ ጥጥ አዲስ ጥጥ ይሸታል። ከሠርጌ ወዲህ እንደዚያ ዘፍኜ አላውቅም። ያለቀውን በየመስቀያው አድርገን ሳሎኑ ውስጥ ገመድ ላይ ደረደርነው።

ብሌን ለእያንዳንዱ ቀሚስ በወፍራም ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ አሳትማ፣ ከአንገቱ ላይ በክር አሰረችው።

«ስለ አጠባቡ ነው?» አልኳት።

«ስለ አጠባቡም አለበት። አንብቢው።»

«መነጽሬን ሳደርግ አነበዋለሁ።»

ልናስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከላይ ፎቅ የምትኖረው ወይዘሮ ጥሩነሽ ስኳር ልትበደር መጣች። ሐዘኔ ላይ ከጎኔ ያልተለየች ጎረቤቴ ናት፤ አፏ ግን ልጓም የለውም። በሩን አልፋ ሳትገባ ቆመች።

«ውይ በሞትኩት! አልማዝዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ባንድ ቀን ሞተባችሁ እንዴ?»

«የባሕር ልብስ ነው» አልኳት።

«የባሕርም ይሁን የየብስ፣ አዘቅዝቀሽ ሰፍተሽዋል። ብሌንም ልትለብሰው ነው?»

«የመጀመሪያውን ለራሷ አስቀርታለች።»

«አንድ ልጅ ያለሽ ሰው! ሞትን በስሙ ጠርቶ ግባ ማለት አይደለም እንዴ ይሄ?»

«እሷ ናት እንዲህ ይሁን ያለችው።»

«እሷ ምን ታውቃለች፤ እዚህ ያደገች ልጅ። አንቺ ታውቂያለሽ እንጂ።»

ስኳሯን ተቀብላ፣ ስለ ጉልበቷ አውርታ፣ ስቃ ሄደች። ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ የረሳችው ይመስለኛል። እኔ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ አልኩ። የአባቷን ሬሳ ያስነሣሁት ከዚሁ ቤት ነው። ብሌን በዚያ ጥለት ውስጥ ተገንዛ ታየችኝ። ከዚያ መተርተሪያውን አነሣሁ።

ከሥራ ታምሜአለሁ ብዬ ቀረሁ። የካርዱን ክር እቆርጣለሁ፤ ጥለቱን ከአንገቱ ተርትሬ አወጣለሁ፤ ታች ጫፉ ላይ እሰፋዋለሁ፤ ካርዱን መልሼ አስራለሁ። አርባውም ካርድ በእጄ አለፈ። መነጽሬም ዓይኔ ላይ ነበር። አንዱንም አላነበብኩም። ዓርብ ማታ ሁሉንም በስስ ወረቀት ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከትቼ አሰርኩ።

ብሌን ቅዳሜ ጠዋት ስትመጣ፣ «አጣጥፈሽ ጨረስሽው? አንቺ እኮ ጀግና ነሽ!» ብላ ካርቶኖቹን መኪና ውስጥ ጫነች። ለመንገድ ብላ ያንኑ ማንጎ በሚጥሚጣ ገዝታ ነበር። በየመብራቱ ስንቆም እነግራታለሁ እላለሁ። አረንጓዴ ይበራና እንሄዳለን።

ባለሱቋ ካርቶኑን ከፈተች። አንዱን ቀሚስ አንሥታ ዘረጋችው፤ አገላበጠችው። ከዚያ ካርዱን ያዘችና ጮክ ብላ፣ ቀስ እያለች አነበበች። እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፤ ያን ቀን ግን አንድ ቃል አላመለጠኝም።

«አባቴ ሲሞት እናቴ ነጠላዋን ገልብጣ ዓመቱን ሙሉ ለበሰች። ቤታችን ውስጥ የነበረው ቀለም እሱ ብቻ ነበር፤ በፊቷ ዙሪያ። ስታለቅስ አላየኋትም፤ አታወራም። እኔ ግን በዚያ ቀለም ውስጥ ፊቷን ሳይ፣ አንዷ አለችልኝ እል ነበር። ይህን ጥለት አንገትሽ ላይ ያደረግሁት ለዚያ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ።»

ሴትዮዋ ካርዱን አስቀምጣ ቀሚሱን አየች። «ታዲያ የአንገቱ ጥለት የታለ?» አለች።

ብሌን ቀሚሱን ተቀበለቻት። አንገቱ ላይ በተርታ የቀሩትን የመርፌ ቀዳዳዎች በጣቷ ተከተለች። ወደ እኔ አልዞረችም። «ስሕተቱ የእኔ ነው» አለቻት በእንግሊዝኛ። «የሰፋችው እናቴ ናት፤ ሥዕሉን በደንብ አልሰጠኋትም።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ለደንበኞቿ ያሳየችው ፎቶ ሌላ ስለሆነ ልትወስደው እንደማትችል ነገረችን። ካርቶኖቹን መልሰን ጫንን።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ፀሐዩ በመስታወቱ ይገባል። ማንጎው ኩባያው ውስጥ እንዳለ ሟሸሸ።

«እማ፣ ካርዱን አላነበብሽውም?»

«አላነበብኩትም።»

«ለምን ቀየርሽው?»

ትሞቺብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው፤ ይህች ናት መልሷ። እኔ ግን፣ «ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል፤ ታች ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው» አልኳት።

«ኦኬ» አለች።

በሳምንት ውስጥ መልሼ እሰፋዋለሁ አልኳት። ተይው አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ስስ ፈትል አንዴ ከተተረተረ አንገቱ ሌላ ስፌት አይችልም፤ ይላላል። ቀሚሶቹን ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች አደልናቸው። በጋ የሚል ስም ያለባቸው ትናንሽ ጨርቆች ግን ቀርተው አሁንም የክር ሣጥኔ ውስጥ አሉ።

ብሌን በዚያው መከር ትምህርት ጀመረች፤ ሲያልቅ ቶራንስ ውስጥ ቢሮ ተቀጠረች። ቤቷም እዚያው ነው። መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ እንዲህ የሚል ካለ እከራከረዋለሁ። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ፍሪጄን ትሞላለች፤ መድኃኒቴን በየቀኑ ለይታ ታስቀምጣለች። «ሌላ ምን ላምጣልሽ?» ትለኛለች። ምንም እላታለሁ። ያን ማሽን ግን ዳግመኛ ነክታው አታውቅም፤ እኔ ፊት አንድ መስመር ስላ አላየኋትም።

ማክሰኞ ከዚያ መስኮት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ለራሷ አስቀርታው የነበረውን ቀሚስ አወጣሁ። እሱንም ያን ጊዜ ተርትሬው ነበር። የሳሳውን አንገት ከውስጥ በሌላ ጨርቅ ደግፌ፣ ጥለቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ አራት ቀን ፈጀብኝ።

እሑድ መጥታ ወንበሩ ላይ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መልሼ ሰፋሁት።» ከዚያ ሳላስበው ወጣ። «ያን ጊዜ ፈርቼ ነው ብሌን። የላብ ነገር አልነበረም። ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነው።»

አውራ ጣቷን በጥለቱ ላይ ከአንዱ ትከሻ እስከ ሌላው አሳለፈች።

«አውቃለሁ እማ። እትዬ ጥሩነሽ በዚያው ሳምንት ነግራኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ እንድትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር።» ቀሚሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መስታወቱ ዞር አለች። ከዚያ አውርዳ በሥርዓቱ አጣጠፈችው። «አሁን አይሆነኝም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የገዛችውን ወተት ፍሪጅ ውስጥ ልታስገባ ወደ ኩሽና ሄደች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ገና በር ላይ እንደቆመ የትከሻውን ስፋት በዓይኔ እለካለሁ፤ ብዙ ጊዜ አልሳሳትም። የልጄን ልክ ግን ያን ሰመር እንደለካሁት ነው ይዤው የኖርኩት።