የይመኙሻል ራስ ምታት

ይመኙሻል ቦንጋ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። በ2001 ዓ.ም. የደም ካንሰር ተገኘባትና አዲስ አበባ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ስትወስድ ከርማ ተመለሰች። ብዙም ሳትቆይ ራሷን ያማት ጀመር። ባሏ ሰለሞን "የመድኃኒቱ ድካም ነው" እያለ ሁለት ወር አጽናናት።

አንድ ቀን ዋጫ ለምትባለው ከተማ የሚሄደውን ደብዳቤ ደካ ለምትባለው ሌላ ከተማ ብላ ጻፈችው። አለቃዋ ጋሽ አባተ ስህተቱን ሲያሳዩዋት "ይህን እኔ አልጻፍኩትም" አለች። ጋሽ አባተ አልተቆጡም፤ ሰለሞንን አስጠርተው "እሷ እንዲህ አትሳሳትም፤ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት" አሉት።

ጅማ ወሰዳት። ሐኪሙ በመርፌ ከጀርባዋ አከርካሪ ፈሳሽ ወስዶ አስመረመረ።

"ካንሰሩ አንጎሏ ገብቶ ነው?" አለ ሰለሞን።

"አይደለም፤ አንጎሏን የሸፈነውን ስስ ሽፋን የያዘ ፈንገስ ነው። በአየር ውስጥ አለ፤ ጤነኛ ሰው ወደ ውስጥ ቢስበውም ሰውነቱ ያሸንፈዋል። የእሷን የሰውነት መከላከያ ግን ካንሰሩና ኬሞው አዳክመውታል።"

"ትድናለች?"

"እንሞክራለን። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ይሻል ነበር።"

ከብዙ ሳምንታት ሕክምና በኋላ በሕይወት ወጣች፤ ዓይኗ ግን ፈዘዘ፣ ወደ ሥራዋም አልተመለሰችም።

"ድካም ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ" ይላታል ሰለሞን፣ እጇን ይዞ ደጅ ሲያወጣት።

"እኔም አምኜህ ነበር" ትለዋለች።