የሁዳዴ ጊታር

የቆየ ኮምፒውተር ሲሞቅ የሚያወጣውን የአቧራ ሽታ ታውቀዋለህ? ጊታር የማስተምራቸው ልጆች «መስኮት እንክፈት» ይሉኛል፤ እኔ ግን ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ። ደብረ ማርቆስ ይወስደኛል፤ አባቴ እህል ከሚያከማቹበት ክፍል፣ ከጤፍ ጆንያዎች መሀል።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ግን የቆሎ ተማሪ ሆነው ነው ያደጉት። ሁዳዴ ሲገባ እቤታችን ሬዲዮ እንኳ ዘፈን አያሰማም። የዚያን ዓመት ደግሞ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ ባንድ አንድ ጊታር ተጫዋች ሊመርጥ ነበር። ጾሙን ሙሉ ጣቶቼ ሥራ ፈትተው ከከረሙ አለቀልኝ።

ባጃጅ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ መላ አያጣም። ከተዘጋ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አሮጌ ዴስክቶፕ አመጣልኝ። የኤሌክትሪክ ጊታሬን ከኮምፒውተሩ የምታገናኝ ትንሽ ሳጥን፣ የአምፕሊፋየር ድምፅ የሚያወጣ ፕሮግራም፣ የጆሮ ማዳመጫ፤ በቃ። መጀመሪያ ክሩን ስመታው ድምፁ የሚደርሰኝ ዘግይቶ ነበር፤ ከገደል ማዶ እንደሚመልስ ማሚቶ። ወንድሜ ሲነካካው ውሎ በመጨረሻ ጣቴና ድምፁ ገጠሙ። ደስታዬን አትጠይቀኝ!

«እንግዲህ መብራት ካልሄደ የሚያቆምሽ የለም» አለኝ። መብራቱማ ይሄድ ነበር።

በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት ነው። አንድ ቀን አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሲገቡ ያገኙኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፁ ለሌላ ሰው በማይሰማ ጊታር ራሴን ስነቀንቅ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሁነሽ ነው?»

«እየተለማመድኩ ነው አባባ። እርስዎን እንዳይረብሽ በጆሮዬ ብቻ ነው…»

«ጆሮሽስ አይጾምም?»

ገመዱን ይነቅሉታል ብዬ ስፈራ፣ ጆንያ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ማዳመጫውን ከነነጠላቸው አጠለቁት፤ ዛሬም ሳስበው ያስቀኛል። ዘፈን ለመጫወት የት ደፍሬ! ጣት ማፍታቻውን ብቻ፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ እየደጋገምኩ መታሁ። ዓይናቸውን ከጣቶቼ ላይ አላነሱም።

«ይኼማ ፊደል ቆጠራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ፊደል በጾምም ይቆጠራል። ወደ ዘፈኑ እንዳታልፊ ብቻ።»

አላለፍኩም። እስከ ፋሲካ አንድ ዘፈን ሳልነካ ቆጠርኩ። ብዙ ጊዜ መጥተው አጠገቤ ይቀመጡ ነበር፤ የሚሰሙት የክሩን ደረቅ ጭርጭርታ ብቻ ነው። ጣቴ ሲደናቀፍ ካዩ ግን አያልፉኝም፤ «ድገሚው» ይላሉ፣ እንደ የኔታ ቆጣ ብለው። እንዲህ ያለ አስተማሪ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

ባንዱ እኔን መረጠ። አባቴ ወሬውን ሲሰሙ ደስ ይበላቸው ይክፋቸው አልገባኝም። ከዘፋኞች ጋር አገር ለቅቃ የምትሄድ ሴት ልጅ ለሳቸው ቀላል ነገር አልነበረችም። የምሄድ ዕለት ግን ጊታሩን ለወንድሜ አልሰጥም ብለው ራሳቸው ተሸከሙት፤ መናኸሪያ ድረስ በእግር ሸኙኝ።

መንገድ ላይ ከማን ጋር ብንገናኝ ጥሩ ነው? ከነፍስ አባታቸው ጋር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ጎንበስ ብለው መስቀል ተሳለሙ።

«ምን ተሸክመህ ነው?» አሉ ቄሱ፣ የጊታሩን ማኅደር እያዩ።

«የልጄን ሙያ ነው አባ» አሉ አባቴ፣ ከትከሻቸው ሳያወርዱ። «ይባርኩልኝ።»

መድረክ ላይ ሳያዩኝ በዚያው ክረምት አረፉ። እንዴት እንደሚናፍቁኝ ብነግርህ!