ጉና ላይ ያስቻልሁት ችሎት

የያዙኝ ከደብረ ታቦር ወደምሠራበት ወረዳ ስመለስ ነው። ታጣቂዎች ሚኒባሱን አስቆሙ፤ መታወቂያ ሲያዩ እኔን ብቻ ነጥለው አወረዱኝ። ዳኛ መሆኔን አልደበቅሁም። መሪያቸው ልጄ ሊሆን የሚችል ጎልማሳ ነበር።

«መንግሥት የኛን ሰዎች እስኪፈታ አንቺም አትፈቺም» አለኝ።

ሳምንት ቢሆን ነው ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

ጉና ተራራ ጥግ ከአንዱ ገበሬ ቤት ወደ ሌላው ሲያዛውሩኝ ኖሩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ምግቤ ድንችና የገብስ ቂጣ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት አለቀስሁ። ከዚያ ማንንም ላለመለመን ወሰንሁ። ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ነጠላዬን አስተካክላለሁ፣ ሥራ እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። ጠባቂዎቼ ይሥቁብኝ ነበር። ይሣቁ።

ሁለተኛው ክረምት እንደወጣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ታስረው መጡ። ለመንግሥት ወሬ ያቀብላሉ ተባለ። መሪው እኔ ዘንድ መጣና፣

«ዳኛ አይደለሽ? ፍረጅባቸው። በሕግ ተቀጡ ይባል» አለኝ።

«ለማስባል ከሆነ አልፈርድም። አስችዪ ካልህ ግን በኔ ደንብ ነው።»

«ምንድን ነው ደንብሽ?»

«መሣሪያ ከአጠገባችን ይርቃል። ከሳሽ ሕዝብ ፊት ይናገራል። ተከሳሽም ይናገራሉ፣ ማንም አያቋርጣቸውም። ነጻ ካልኋቸው ቤታቸው ይገባሉ።»

ነጻ እላለሁ ብሎ የጠረጠረ አይመስለኝም። ተስማማ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ጽድ ጥላ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። አገሬው ተሰበሰበ። ከሳሹ አንድ ታጣቂ ነበር።

«ወሬ ሲያቀብሉ አይተሃል?»

«አላየሁም፤ ሰምቻለሁ።»

«ከማን?»

ተቅለሰለሰና የሽማግሌውን አማች ስም ጠራ። ይኼኔ አንዲት ባልቴት ከሕዝቡ መሐል ብድግ አሉ። «እነዚህ ሁለቱ በመሬት ድንበር ሲካሰሱ ስንት ዘመናቸው! አገር የሚያውቀውን!»

ሽማግሌውንም አማቹንም እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አማቹ ጥያቄ በዛበትና አንገቱን ደፋ።

«ማስረጃ የለም። በነጻ ተሰናብተዋል፤ ይሂዱ» አልሁ።

ማንም አልተነቃነቀም። ወደ መሪው ዞርሁ። «ሕዝብ ፊት የገባኸው ቃል ነው።»

ፊቱ ጠቆረ። «ፍቷቸው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ብቻውን መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«እንዳንቱ ያለ ዳኛ ገጥሞኝ ቢሆን፣ እኔም ጫካ ባልገባሁ» አለኝ። አንቱ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

«እኔንስ ያለ ጥፋቴ አስረኸኝ የለም? የኔን ጉዳይ ማን ይየው?»

ተነሥቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላም ብዙ ወራት ያዙኝ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው ሲያስማሙ መንግሥት ባሰራቸው የታጣቂዎቹ ሰዎች ልዋጭ ተለቀቅሁ። ባለቤቴ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ፣ ከስቼ ስለነበር አልፎኝ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ያይ ነበር። ስሙን ስጠራው ነው ያወቀኝ።

«ጡረታ ውጪ፣ ይበቃሻል» ብሎ ለመነኝ። ታከምሁ፣ አረፍሁ፣ አሰብሁበትም። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። የመጀመሪያው ቀን ጉዳይ ፍቺ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ገና ከበር ጀምረው ይጯጯሃሉ።

«በተራ» አልኋቸው። «ሁለታችሁንም እሰማለሁ።»