ሙዝ ነው የተባለው እንሰት

ባለፈው ሰኞ ለማዘጋጀው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ ያስቆረጥኩት የእንሰት ቅጠል በባጃጅ ተጭኖ ሲመጣልኝ፣ ገና ሳይወርድ ያ ርጥብ፣ ትንሽ መረር የሚል ጠረኑ አፍንጫዬን መታኝና ሥራዬን ትቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ዲላ ላይ በተከራየሁት አዳራሽ ደጃፍ፣ ሽበቷን በሻሽ የሸፈነች ሴትዮ፣ ድንገት በእናቴ ጓሮ የምትሯሯጥ ልጅ ሆንኩ። ከልጅነቴ ጋር ንዴቴም አብሮ መጣ፤ እኔ አረጀሁ እንጂ እሱ አንድ ቀን እንኳ አላረጀም።

አባቴ መምህር ቶማስ ከህንድ አገር፣ ከኬረላ፣ ሒሳብ ሊያስተምር መጥቶ ዲላ የቀረ ሰው ነው። እናቴ ሮሳማ ተከትላው መጣች፤ ሰፈሩ ስሟን አሳጥሮ እትዬ ሮዛ አላት። እኔ እዚሁ ተወልጄ አማርኛውንም ጌዴኦኛውንም ከሰፈር ልጆች ጋር ጭቃ ላይ እየተንከባለልኩ ለመድኩ፤ ቢሆንም እስከ ዛሬ ባጃጅ በተሳፈርኩ ቁጥር "ከየት ነሽ?" መባሌ አልቀረም፤ "ከዚሁ ከዲላ" ስል ሾፌሩ በመስታወቱ መልሶ ያየኛል። አሁን ሐዋሳ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። ሥራዬም ይኸው ነው፤ ወላጆቻቸው ከእስያ መጥተው እዚህ የተወለዱ እንደኔ ያሉ ሰዎችን ኑሮ በጨርቅ፣ በቅጠልና በቤት ዕቃ አሳያለሁ።

የምንኖረው በጋሽ ሽፈራው ግቢ፣ በኪራይ ቤት ነበር። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ምላሴ እምቢ ስላለኝ አንባቢ ይታገሰኝ። ቡና በሚለቀምበት ወራት ከመፈልፈያው በኩል የሚመጣው የኮመጠጠ የገለፈት ሽታ፣ እናቴ ዘይት ላይ ከምታፈነዳው ሰናፍጭ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ይሞላዋል፤ ዛሬም ቤት ሲባል ለእኔ የሚሸተኝ እሱ ነው። እናቴ ግን አንድ ነገር ጎድሏት ነበር። እሷ ባደገችበት አገር ጓሮው ሙዝ የሌለው ቤት ቤት አይባልም፤ እንግዳ የሚበላው በሙዝ ቅጠል ላይ ነው፣ አበባው ወጥ ይሠራበታል፣ ፍሬው ይቀቀላል። የዲላ ገበያ ሙዝ ሞልቶታል፤ እሷ የፈለገችው ግን በገዛ እጇ የተከለችውን ነበር። ስለዚህ አከራያችንን ጋሽ ሽፈራውን የሙዝ ችግኝ ለመነችው። እሱ ደግሞ እንሰት አመጣላት።

ቅጠሉ ሲታይ ለማያውቅ ሰው ያው ነው። አባቴ እንኳን እንሰትን ከሙዝ ሊለይ፣ ከቁጥር ሌላ ምድር ላይ የበቀለ ነገር መኖሩንም የሚያውቅ አይመስለኝም። እናቴ ዘመድ እንደመጣላት ሆነች። ሩዝ ያጠበችበትን ውሃ ታጠጣዋለች፣ አመድ ትነሰንስለታለች፣ ነፋስ ቅጠሉን እንዳይቀደው በአሮጌ ሳሪዋ ታስረዋለች። ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ እንሰት መሆኑን ነገሩኝ፤ እየሮጥኩ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ጋሽ ሽፈራው ዘንድ ሄደች። እሱ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ "የልጅ ወሬ ትሰሚያለሽ? ይሄ የፈረንጅ ሙዝ ነው። ታገሺ" አላት። ትልቅ ሰው ነውና አመነችው፤ እኔን ትልቅ ሰው ታዋርጃለሽ ብላ ተቆጣችኝ።

እሱ ግን ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶት ነበር። መንገደኛው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ "እትዬ ሮዛ፣ ሙዙ ደረሰ?" ይላታል፤ እሷም ሥራዋን ትታ፣ ስለጠየቋት ደስ ብሏት፣ "ገና ነው፣ ሽፈራው ታገሺ ብሎኛል" ትላለች። ሳቃቸውን ደግነት ይመስላት ነበር።

ጌዴኦ ምድር እንሰት ከማበቡ በፊት ተነቅሎ ይፋቃል፤ ቆጮም ቡላም የሚገኘው ያኔ ነው። ካበበ ጉልበቱ በአበባው ያልቃል፣ ለምግብ የሚሆን ብዙም አይቀረውም። እንሰቷን ያሳበበች ሴት መሳቂያ ናት። የእናቴ እንሰት ከዓመታት በኋላ አበበና ያን የሚያህል ዘለላ አንጠለጠለ፤ እሷም ፍሬው ሲበስል ሰፈሩን ጠራች። ሰሌን አንጥፋ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቅጠል ዘርግታ፣ ሩዝና ዶሮ አቀረበች። በመጨረሻ ፍሬውን ልጣ የመጀመሪያውን በሁለት እጇ ለጋሽ ሽፈራው ሰጠችው። ያ ሰው ፍሬውን ከፍ አድርጎ፣ "ብሉ እንጂ፣ የሮዛ ሙዝ ነው" አለና ለሁለት ከፈለው። ውስጡ ጠጠር የመሰለ ጥቁር ዘር ብቻ ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች፣ "ምነው ሮዛ፣ እንሰት አሳብበሽ ጠራሽን?" አለች። እናቴ መጀመሪያ አብራ ሳቀች። ይሄ ነው ከሆዴ የማይወጣው፤ ነገሩ እስኪገባት ድረስ አብራቸው ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ገበያም ቸርችም መሄድ አቆመች፤ ደጅ ላይ ድምፅ ስትሰማ ወደ ውስጥ ትገባ ነበር። አባቴ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየ፤ እዚያም ጓሮውን አላየችውም። እኔ ትምህርቴን ሳልጨርስ ሞተች። ጋሽ ሽፈራው ቀብሯ ላይ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ፤ በዚያች ሰዓት ጥርሴን ነከስኩበት።

ዘንድሮ ዐውደ ርዕዩን ዲላ ያደረግኩት ለእሱ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ለጋዜጠኞች ነግሬያለሁ። የእናቴን ሰሌን አነጠፍኩ፣ ቅጠል ዘረጋሁ፣ በየቅጠሉ ላይ የእንሰት ዘር ቆለልኩ። መሀል ላይ ሳሪዋን ዘርግቼ በክር ጻፍኩበት፤ "ይሄ የፈረንጅ ሙዝ ነው። ታገሺ። ጋሽ ሽፈራው ለሮሳማ እንደነገራት።" ከዚያ ራሴ ቤቱ ሄጄ ትከሻውን ስሜ የክብር እንግዳ እንዲሆን ጠራሁት። "የቶማስ ልጅ፣ ተባረኪ" አለኝ፤ የማስታወስ ምልክት አላየሁበትም።

በከዘራው፣ በሙሉ ልብሱ፣ ከቸርች ሽማግሌዎች ጋር መጣ። እንግዳ የምታስተናግደው ተማሪ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበች። እንሰት የማያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረምና ሁሉም ወዲያው ገባው፤ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩትና ሳቁ ጠፋ። እሱ ነገሩን ወደ ቀልድ ሊመልሰው ፈልጎ መሰለኝ፣ አንድ ዘር አንስቶ አፉ ውስጥ ጨመረ። ማንም አልሳቀለትም። ዘሩ ትን አለው፤ እያሳለ፣ ዓይኑ እንባ እየሞላ፣ በእጁ ምልክት ውሃ ጠየቀ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽም። ሁሉም ደንግጦ እርስ በርሱ ሲተያይ፣ ከዲላ ሰው ሁሉ ቀድማ ውሃ ይዛ የምትደርስለት፣ ጀርባውን እያሻሸች "አይዞህ ሽፈራው" የምትለው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን ቀብረናታል። እኔም የውሃ ጠርሙስ ይዤ ነበር። ሳሉ ዘሩን እስኪያወጣለት ድረስ ጠርሙሱን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት።