የምድጃውን ግድግዳ በዋልካ የለቀለቅንበት ፋሲካ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ያልጠቆረ ነገር አልነበረም። ጣራው ከውስጥ ጥላሸት ለብሷል፣ ምሰሶው ጠቁሮ ያብለጨልጫል፣ የአባቴ ጋቢ እንኳ ነጭ ነው የሚባለው ለስሙ ነው። በዚያ ዘመን ደብረ ታቦር የንጉሥ ከተማ ስለነበረች እንጨቱን ሁሉ ሠራዊቱ ጨረሰውና እኛ የምናነደው ኩበት ነበር። የኩበት ጢስ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ እኩዮቼ ታውቁታላችሁ፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ልብስ ውስጥ ገብቶ ለዓመት ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ ጥቁረት መሀል አንድ የሚታይ ነገር ነበረን፤ ከምድጃው ጀርባ፣ ማጀቱን ከመኝታው የሚለየው ግድግዳ።

የሴት ሙያ የሚለካው በዚህ ግድግዳ ነበር። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ እሳቱን ያያል፣ ቀጥሎ ከእሳቱ በላይ ያለውን። አንዷ ቀይ አፈር በእበትና በጭድ ለውሳ ትለቀልቀዋለች። ሌላዋ ከጉና ግርጌ ነጭ አፈር አስመጥታ ታነጣዋለች። ሰነፏ ዐመድ በጥብጣ ቀብታ እጇን ታራግፋለች። አንዲት ጎረቤታችን የእንቁላል ቅርፊት በእርጥብ ጭቃ ላይ ደርድራ ስትሰካ፣ ቤቱን የዶሮ ቆጥ አስመሰለችው ብለን ስንት ቀን ሳቅንባት። በጋፋት የሰፈሩት ፈረንጆች ግድግዳቸውን በኖራ ያነጡታል ተብሎ የተወራ ጊዜማ ሴቱ ሁሉ ነጭ አፈር ፍለጋ ወጣ፤ ባሎች ፆማቸውን አደሩ።

የእናቴ ግድግዳ ቀይ ነበር። አፈሩን የምታመጣው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ገደል ነው። ለቅልቃ ስትጨርስ ጭቃው ሳይደርቅ ሦስት ጣቶቿን ገጥማ ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዘች ትስባቸዋለች፤ ንፋስ የነካው የገብስ ማሳ ይመስላል። በየዓመቱ ለፋሲካ ታድሰዋለች። ሌላ ጌጥ አታውቅም፣ ሌላም አትፈልግም ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ በክረምት፣ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም። በተከታዩ ፋሲካ የሐዘን ቤት ነውና ግድግዳውን የነካው ሰው አልነበረም። ጢስ አጠቆረው እንጂ የጣቶቿ መንገድ አልጠፋም። እሳት ልጭር ስጎነበስ ጣቶቼን እዚያ መንገድ ውስጥ አስገባና ከዳር እስከ ዳር እሄድበታለሁ። ጣቶቼ ቀጫጭን ስለነበሩ ቦታው ይሰፋኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቢነገርስ ማን ይሰማል? ሙሾው አልቋል፣ ተዝካሩ ወጥቷል፤ ሰው ወደ እርሻው ተመልሷል።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ አባቴ ከእብናት ወዲያ ሚስት አገባ። ውቢት ትባላለች። ገና እግሯ ሳይገባ የመንደሩ ሴቶች «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይሉ ጀመር፤ እኔም ሰምቼ ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩት። ረዥም፣ ሳቂታ፣ ብርድ የማትችል ሴት ነበረች። የቆላ ሰው ናትና ያገራችን ውርጭ አጥንቷ ገብቶ ምድጃው ላይ ልትወጣ ምንም አይቀራት። እኔ አንድ ክፉ ነገር አልነገርኳትም፤ የተናገርኩት ሁሉ በአንቱታ ነበር። ለእናት አንቺ እንደሚባል ታውቃላችሁ። እኔ «እሺ እቴ፣ ይጠጡ እቴ» ስላት ጎረቤት ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነች ይላል፤ እሷ ግን ነገሩ ገብቷታል።

የሆሳዕና ሰሞን ደረሰ። አባቴ ለንጉሥ ሥራ ግንድ ሊጎትት ከመንደሩ ሰዎች ጋር ሄዶ ነበርና ቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ውቢት ግድግዳውን ትኩር ብላ አየችና ለበዓሉ እንለቅልቀው አለች። እንቢ ማለት ለልጅ አልተፈቀደም፤ ምክንያቱን መናገር ደግሞ ለእሷ የእናቴን ጣት መስጠት መሰለኝ። እኔ ይህን ሳወጣና ሳወርድ እሷ ጠየቀችኝ።

«እናትሽ አፈሩን ከየት ነበር የምታመጣው? እሷ ባደረገችው ላድርገው።»

ጨዋ ልጅ ብሆን ኖሮ ያን ጊዜ እውነቱን እናገር ነበር። እኔ ግን ከመስኩ፣ ከጥቁሩ አልኳት።

ዋልካ ነው ያልኳት። ያገራችን ልጅ ሁሉ ዋልካን በእግሩ ያውቀዋል። በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤ በበጋ ደርቆ በሬ የሚሰብር ስንጥቅ ይሰነጠቃል። እኔም የልቤን አስቤ ነው። በእሳቱ ፊት ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል፣ የእሷ ሥራ ይወድቃል፣ ከስሩ የእናቴ ግድግዳ እንደነበረው ይወጣል። የአሥር ዓመት ልጅ ብልሃት ይኸው ነው።

ውቢት ጥርጣሬ ገብቷት ነበር። በኛ ቀዬ ጥቁሩን ለግድግዳ አንደፍረውም አለችና ጥቂት አሰበች። ከዚያ «ይሁን፣ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብላ ስልቻዋን አነሳች። እኔ እያመለከትኩ እሷ ቆፈረች። ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ። እሷ በእጇ እየጨመቀች ስትደመድም የእናቴ መስመሮች አንድ በአንድ እየተሸፈኑ ሄዱ። ዕንባዬ ሲወርድ ብታየኝ ጢሱ ነው አልኳት፤ ጭድ ስናስገባ ስለዋልን ግን እሳት አላነደድንም፣ ጢስም አልነበረም። ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። በመጨረሻ በአውራ ጣቷ እየወጋች ነጠብጣብ ደረደረችበት፤ ያገሯ ጌጥ ነው። ግድግዳው ጥቁር ሆኖ አማረ፤ ማማሩ ይበልጥ አናደደኝ።

ቅዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ ዶሮው ተጣደ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው የዶሮ ሽታ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ልነግራችሁ አልችልም። ለበዓሉ ተብሎ የተቀመጠ እንጨት ነበረንና እሳቱ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ነደደ። እኔ ሽንኩርት ልጣጭ ስለቅም ከግድግዳው ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀና ስል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሌላ ጧ አለ፤ ከዚያ የግድግዳው ግማሽ ባንድ ጊዜ ተገንድሶ ምድጃው ላይ ወደቀ። ድስቱ ተሰበረ። ወጡ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፤ ዶሮው ከነእንቁላሉ ዐመድ ውስጥ ገባ።

እኔ ድስቱን አላየሁም። ያየሁት ግድግዳውን ነው። የእናቴ መስመር የለም። ማገሩ ነው ያፈጠጠብኝ። ዋልካ ሲደርቅ ተኮማትሮ የያዘውን ይዞ እንደሚሄድ መች አውቄ! የወደቀውን ቅርፊት ብገለብጠው ከጀርባው ቀዩ የእናቴ ጭቃ ከነጣቶቿ መንገድ ተለጥፎ መጥቷል፤ ሲወድቅ ደግሞ ፍርክስክሱ ወጥቷል። ላድነው ብዬ ያጠፋሁት እኔው ነኝ።

በዚህ መሀል አባቴ ከነአቧራው በር ላይ ደረሰ። ቤቱን አየ፣ ምድጃውን አየ፣ አንድ ጥቁር ጓል አንስቶ በጣቱ ፈረከሰው።

«ዋልካ! ማነው ይህን ወደ ቤቴ ያስገባ?»

ውቢት ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ መዋሸቴ እንደ ገባት ከፊቷ አየሁት፤ በእናቴ ስም ያመለከትኳት አፈር፣ ጢሱ ሁሉ። በትር ጥግ ላይ ቆሟል። አባቴ ልጁን የማይመታ ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች። «ያገሩን አፈር መች አወቅሁት።»

አባቴ ተሳዳቢ አልነበረም። ግን ደክሞታል፣ ጾም ላይ ነው፣ በዓሉ ፈሷል። «እውነትም ጉልቻ ቢለዋወጥ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ባይጨርሰውም ማን አያውቀውም? ውቢት ጎንበስ ብላ ስባሪውን ትለቅም ጀመር። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉት ነገር እኔ ላይ ደረሰ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ ሄደ።

ፋሲካን ጎረቤት ጭልፋ ጭልፋ እያዋጣ በላከልን ወጥ ፈሰክን። ሴቶቹ ወጡን እያቀበሉ ግድግዳውን በዓይናቸው ይሰልሉ ነበር። የቆላዋ ሙሽራ ቤቷን በዋልካ ለቀለቀች የሚለው ወሬ በሳምንት ውስጥ ሐሙሲት ገበያ ሳይደርስ አልቀረም። እሷ ሳቋ ጠፋ። ውኃ ስትወርድ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ትከናነብ ነበር። እኔም ሲያስቀድሱ ቆሜ ምን እንደምጸልይ ጠፋኝ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉት ለካ እውነት ነው።

በዓሉ እስኪያልፍ ጭቃ የነካ የለም። ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት ቤት ስትጠርግ የምተኛበትን ቁርበት አነሳችና ከሥሩ የደበቅኩትን ስባሪ አገኘች። መዳፍ የማታህል ቀይ ጓል ናት፤ ሦስት መስመር አላት። ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ዱላ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ጓሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጣቷን ወደ መስመሩ አስጠግታ ሳትነካው ቆየች።

«የእናትሽ እጅ ነው?»

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ እሳት ስጭር የማደርገውን፣ የመስኩን አፈር፣ በልቤ ያሰብኩትን። ንፍጤና ዕንባዬ አንድ ሆኖ ነበር። ከዚያ ይህን ነግረሽኝ ቢሆን እጄን መች ጫንኩበት አለችኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ እሱ ነው የከፋኝ። ተነሥታ ከጥግ አንድ ሰፌድ አመጣች። ለካ በዚያ ቅዳሜ የወደቀውን ቀይ ጭቃ ከጥቁሩ እየለየች ለቅማ አስቀምጣው ኖሯል። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የለቀመችው፤ ስገለብጠው አይታኝ ነበር።

«ጭቃ አይሞትም» አለችኝ። «ውኃ ነው የሚፈልገው።»

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ገደል አዲስ ቀይ አፈር አመጣን። የእናቴን ጭቃ ወቅጠን፣ ነክረን፣ ከአዲሱ ጋር ለወስነው። ጭድ ጨምረን፣ ቅጠል አልብሰን ሦስት ቀን እንዲበስል ተውነው። ያችን ትንሿን ጓል ለመንከር እጄ እንቢ አለኝ። እሷም አላስገደደችኝም፤ ትቆይ ካልሽ ትቆይ አለችኝ። እኔው ነኝ በመጨረሻ ውኃው ውስጥ የጨመርኳት። ፈርሳ ስትቀልጥ እያየሁ፣ ሳላስበው «ጭዱ አይበቃም፣ ጨምሪበት» አልኳት። አንቺ ማለቴን ሁለታችንም ሰማን፤ ማናችንም አላነሳነውም።

እሷ ለቀለቀች፤ ጭቃው ሳይደርቅ ገለል ብላ ቦታውን ሰጠችኝ። እናቴ እንዴት እንደምትጀምር ብትጠይቁኝ በአፌ አልነግራችሁም ነበር። እጄ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ሲመላለስበት ኖሯልና ሦስቱን ጣቶቼን ገጥሜ ስስብ ራሱ ሄደ። ጠበብ አለ፣ የልጅ እጅ ነው፤ መንገዱ ግን የእሷ መንገድ ነበር። አምስት መስመር ስጨርስ ውቢት ከኋላዬ ቆማ እያየች ነበር።

«እኔስ የት ጋ ልግባ?» አለች።

በመስመሮቹ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ አሳየኋት። በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ነጠብጣብ አደረገችበት፤ በየነጠብጣቡ ወደ እኔ ዞር እያለች።

አባቴ ማታ ሲገባ እሱ ሳይጠይቅ እኔ ነገርኩት። ሁለት ቀን አላናገረኝም፤ ከዱላ ይከፋል። ውቢትን ግን እጁን ስታስታጥበው «አላወቅሁም» አላት። ለዘመኑ ወንድ ይህ ብዙ ነበር። የመንደሩ ሴቶችም ግድግዳውን ሊያዩ መጡ፤ በተከታዩ ዓመት ከእነሱ ሁለቱ በየቤታቸው ሲሞክሩት አየን። ውቢት ዳግመኛ መሳቅ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ያ ሁሉ የለም። የንጉሡ ድንኳን ከሜዳው ተነሥቷል፣ ያ ቤት ፈርሶ ገብስ ይዘራበታል። ያሁን ሙሽሮች ከምድጃቸው ጀርባ ነጋዴ ያመጣውን ባለቀለም ጨርቅ ይሰቅላሉ፤ በጢስ ሲበላሽ አውርዶ ማጠብ ነው፣ ጣት አይቆሽሽም። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ገና ጭቃዬን እለውሳለሁ። ውቢት በሕይወት እያለች ሃያ ፋሲካ አብረን ለቀለቅን። ኋላ እጇ ሲደክም መስመሩን ቀስ ብላ እሷ ትስብ ጀመር፣ ነጠብጣቡ ወደ እኔ ዞረ። አንዳንዴም ሁለታችንም ሁለቱንም እናደርግ ነበር። ከቀበርኳት ወዲህ ብቻዬን ስሠራው ጣቴ የሚሄድበት መንገድ የማን እንደ ሆነ እየጠፋኝ ሄዷል።

ግድግዳዬን የሚያዩ ልጃገረዶች ይህን ጌጥ ከማን ተማርሽው ይሉኛል። ከእናቴ እላቸዋለሁ። ከየትኛዋ ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም።